ፊት አልተገኘም

«ፊት አልተገኘም» አለ ስልኩ።

አክስቷ የሶፋው ጠርዝ ላይ ወገባቸውን አቅንተው፣ መታወቂያቸውን ተመራቂ ዲፕሎማውን እንደሚይዝ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል። ሴትዮዋ ያላቸው አንድ ፊት ነው፤ እሱንም ሳይሰስቱ ይዘው ቀርበዋል። ስልኩ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና በዚያ ማር በሚያንጠባጥብ የሴት ድምፁ ደገመላቸው። «ፊት አልተገኘም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

«እንግዲህ ሌላ ከየት ላምጣልሽ?» አሉ አክስቷ ለስልኩ። ከዚያ አንድ ጫማ አድርጋ ሌላውን በዓይኗ ወደምትፈልገው የወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ? አንቺ ነሽ እንዲህ በያቸው ያልሻት?»

እሷ ነበረች። ድምፁን የመረጠው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ፊት የሚገባበትን ሞላላ ክብ የሣለችው፣ ከክቡ ሥር የሚወጡትን ቃላት የደረደረችው እሷ ነች። ዲዛይነር ናት። የምትሠራበት ድርጅት ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ይሄን አፕ ሲሠራለት ሐሳቡ ጡረተኛው ወረፋ ሳይሰለፍ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሕይወት መኖሩን እንዲያረጋግጥ ነበር፤ መጀመሪያ መታወቂያውን በካሜራ ያነሳል፣ ቀጥሎ ፊቱን ያነሳል፣ በቃ። ሁለቱ ካልተሟሉ መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን ሞቷል አይልም፤ ለዚያ ጨዋ ነው። «ያልተረጋገጠ» ይለዋል፣ ክፍያውንም ያቆማል። ለአክስቷ የማረጋገጫው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። ከዛሬ ወዲያ በሕይወት ለመኖር ምስክር ሊያስፈልጋቸው ነው። ትናንት እሷ ራሷ ይዛ ልታነሳቸው ሞክራ ነበር። አፑ የሚሠራው በስክሪኑ በኩል ባለው ካሜራ ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪኑን ወደሳቸው ስታዞር ለእሷ አይታያትም፤ ወደ ራሷ ስታዞር ደግሞ የሚገኘው ፊት የእሷ ሆነ። ሁለቱም ደክሟቸው ተዉት።

«አባትሽን መብራቱን ያብራልን በይው» አሉ አክስቷ።

አባቷ ከማብሪያው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። የተባለውን ከእሷ እኩል ሰምተዋል። «በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ይሠራል በያት» አሉ ከጋዜጣው ጀርባ፤ ተነሥተው ግን አበሩት።

እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ከሆኑ ከርመዋል። አክስቷ ባላቸው ሞተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ወንድማቸው ቤት ሲገቡ፣ ከባላቸው ጋር የገዙት ቁም ሳጥን በበሩ አልገባ አለ፤ አባቷም ሳይጠይቋቸው ለጎረቤት ሰጡት። ቁም ሳጥኑ አሁን ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው ያለው፤ ጎረቤት በከፈተው ቁጥር የማጠፊያው ሲጥታ እዚህ ድረስ ይሰማል። ያ ድምፅ ሲመጣ አክስቷ ጸጥ ይላሉ፣ አባቷ ጋዜጣ ይገልጣሉ። ጨው አቀብለኝም ሆነ በሩን ዝጊው፣ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ነገር ሁሉ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ቤትም ቢሮም ሥራዋ አንድ ነው፤ እርስ በርስ የማይሰማሙ ነገሮችን ማገናኘት። ልዩነቱ እዚያ ደሞዝ አለው።

መብራቱ ሲበራ ክቡ ውስጥ ፊት ብቅ አለ። አክስቷ ደነገጡ። «ወይ ጉዴ! እንዲህ ሆኜ ነው እንዴ የተቀመጥኩት?» ብለው ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ፤ ቁም ሳጥን የሌለው ሰው ክት ልብሱ የሚያድረው ሻንጣ ውስጥ ነው። ስልኩ ባዶውን ሶፋ ትንሽ ጠበቀና «ጊዜዎ አልቋል። ከመጀመሪያው ይጀምሩ» አለው። ሶፋው አልመለሰለትም።

ዲዛይነሯ ሁለተኛውን ጫማዋን አገኘች፣ ቦርሳዋን አነሳች። «አክስቴ፣ ዛሬ አስተካክለዋለሁ!» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«እኔን ነው ስልኩን?» አሉ ከውስጥ።

«ስልኩን።»

«እንግዲህ በርቺ። እኔማ እንደሆንኩ ከዚህ በኋላ አልስተካከልም።»

ቢሮው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከመቆየቱ የተነሳ እሱም ጥገና ይፈልጋል። ደረጃውን ስትወጣ ሁሌም ስለ ሥራ ማሰብ ትጀምራለች፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስለ ልቧ ታስባለች፣ ከዚያ ወዲያ ስለምንም አታስብም። ዛሬ ግን እስከ ላይ ድረስ የምታስበው ያንን ባዶ ሶፋ ነበር። ስልኩ «ጊዜዎ አልቋል» ያለው የሄደን ሰው ነው? ወይስ የሚመለስን ሰው?

ስብሰባው ተጀምሮ ደረሰች። አለቃዋ ግድግዳው ላይ ግራፍ አብርቶ ከፊቱ ቆሟል። ይሄ ሰው አንድ የአመራር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ «ሰው» የሚለውን ቃል ትቶታል፤ ሁሉም ነገር «ተጠቃሚ» ነው። ቤቱ ሲደውል «ተጠቃሚዎቹ ምሳ በሉ?» ይላል እያሉ ያሙታል። ጥግ ላይ ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ አቀርቅሯል። ምንም ነገር ሲጠየቅ «በኋላ» ስለሚል ቅጽል ስሙ ያው ሆኖ ቀርቶ፣ ጥበቃው ሳይቀር «በኋላ ገብቷል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

«እዩት» አለ አለቃዋ። የግራፉ መስመር መታወቂያው ላይ ደህና ይሄዳል፤ የፊት ካሜራው ሲከፈት ከፎቅ እንደተጣለ ከረጢት ዘጭ ይላል። «ተጠቃሚው እዚህ ላይ አቋርጦ ይወጣል። ለምን? ትኩረት የለውም። ጥድፊያ አይሰማውም። ስለዚህ ጥድፊያውን እኛ እንፈጥርለታለን። ትልቅ ቀይ ሰዓት፣ ወደ ታች የሚቆጥር። ከሥሩ ‹ይፍጠኑ!› የሚል። ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ሲጨርስ ፊኛ ይበተናል።»

«ጡረተኛ ፊኛ ምን ያደርግለታል?» አለች።

«ደስታ ይፈጥራል።»

«በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት አሳይተህ ደስታ? ነውር አይደለም እንዴ?»

በኋላ የተባለው ፕሮግራመር ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሳቀ። አለቃዋ አልሳቀም። ቀጥሎ ያወጣው ፎቶ ግን እሷንም ወደ ግድግዳው አስጠጋት። ማጭበርበር የሚከታተለው ክፍል የላከው ነው፤ ብዙ ፊቶች በአንድ ገጽ ተደርድረዋል፣ ራሰ በራ፣ ጢማም፣ መነጽራም፣ አንድ ሁለት ሴትም አሉበት። የሁሉም አንገት ሥር ያለው ግን አንድ ግራጫ ኮት ነው። በግራ ኮሌታው ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ቀዳዳ አለው፤ በሁሉም ፎቶ ላይ ያው ቀዳዳ፣ ያው ክር። አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ኮት በነዚህ ሁሉ ሰዎች ስም ጡረታ ሊወስድ ነው። ቡድን ነው። ክፍሉ ሁሉንም ሊያግዳቸው ነው። የተሻሻለው አዲሱ አፕ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ተቆልፎ ይላካል፤ እሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መስኮቶች ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይሄ ካሜራ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንከር ማለት አለብን።»

«እነዚህ ፎቶዎች የት ነው የተነሱት?» አለች።

«አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ። ምን ለማለት ነው?»

«ኮቱን ላየው እፈልጋለሁ» ብላ ተነሳች። ከኋላዋ «ሰዓቱን ሣይልኝ እኮ ነው ያልኩት!» ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ደረጃውን ወረደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የሚቸኩለው አንዱ፣ የሚለቅመው ሌላው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ማራገቢያው የሚዞር ሳይሆን የሚያቅማማ፣ የእንጨት አግዳሚዎቹ በተቀማጭ ብዛት የለሰለሱ። ከመስኮቶቹ አንዱ ብቻ ክፍት ነው፤ ሌሎቹ ላይ «አፑን ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት አለ። በሩ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው «አፕ እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል፤ ዋጋውን ከጠዋቱ ወዲህ አንዴ ሰርዞ በላዩ ላይ አስበልጦ ጽፏል። ያላትን ወሬ ሁሉ ይዛ የመጣች ሴት ለጎረቤቷ ስለ ቤት ኪራይ ታወራለች፤ ጎረቤቷ የሚመልሱት በ«ኧረ በስማም» ብቻ ነው። ዲዛይነሯ አንድ ዳር ይዛ ተቀመጠች። ብዙ ሳትቆይ አዳራሹ ውስጥ ያለው ወረፋ ሁለት እንደሆነ ገባት። አንዱ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ሌላው ወደ ኮቱ።

«ከሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ» አሉ አጠገቧ የተቀመጡ ቀጭን ሽማግሌ፣ ሳትጠይቃቸው። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ ደፍተው በመዳፋቸው ሸፍነውታል፤ ድስት ከድኖ እንደሚጠብቅ ሰው። ከፊት ለፊት አንድ ወፍራም ሰውዬ በግራጫው ኮት ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ስልካቸውን ያዩታል። ኮሌታው ላይ ጥቁሩ ክር ታያት።

«ኮቱ የማነው?»

«የኔ ነው» አሉ ከኋላ አግዳሚ የተቀመጡ ሰፊ ትከሻ ሰው። ጡረታ የወጡ ሹፌር መሆናቸውን ነገሯት፤ የሹፌርነታቸው ማስረጃ እጃቸው ሳያወሩ እንኳ መሪ የያዘ መምሰሉ ነበር። «ለራሴ ብዬ ለብሼው መጣሁ። አንዱ ለአፍታ አውሰኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮቱ መጣ ወይ እየተባለ ነው። እኔን ማን ይጠይቀኛል? ትላንት አሞኝ ብቀር ሰው ልከው ኮቱን አስመጡት።»

«አከራየው አላልንህም?» አሉ ቀጭኑ ሽማግሌ።

«ኮት አከራይቼ ልሙት?»

ዲዛይነሯ ሳቋን ዋጠች። «ግን አባባ፣ ለምን ያስፈልጋችኋል? የሚያነሳው እኮ ፊት ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አዘኑላት። «ፊት ብቻ? ልጄ፣ ፊት ብቻውን የት ሄዶ ያውቃል? ይሄ ለመዝገብ የሚቀመጥ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ቤት ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም። ከፍቶ ሲያየኝ ምን ይበል? ጡረታ ሲወጣ ተጎሳቆለ ይበል?»

«ታዲያ ለብሰው ለምን አይጀምሩም?»

«መች ነገረኝ? መታወቂያ አንሳ አለኝ፣ አነሳሁ። ጣቴን ሳላነሳ የራሴን ፊት ገጭ አድርጎ አመጣብኝ፤ ያውም በሸሚዝ፣ ያውም ከአገጬ በታች። ደፋሁት። ኮቱን ለብሼ ስመጣ ከመጀመሪያው ጀምር ይለኛል። መታወቂያውን እንደገና ሳነሳ ደግሞ ‹አባባ ኮቱን ይጨርሱት› ይሉኛል።»

ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከኋላቸው ተንበርክካ፣ በሁለት ክንዶቿ አቅፋቸው ስልኩን ከፊታቸው ዘርግታለች። «ከአንድ በላይ ፊት ተገኝቷል» አለ ስልኩ። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ጎንበስ አለች። «ፊት አልተገኘም።» እናትየው አብረው ጎንበስ ብለው ነበር።

ዲዛይነሯ ወደ ቀጭኑ ሽማግሌ ተመለሰች። ኮቱ ደርሷቸው አንድ እጃቸውን አስገብተዋል። ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ግራፍ እኚህ ሰው ደጋግመው ያቋረጡ ተጠቃሚ ናቸው፤ የከረጢቱ ውድቀት እሳቸው ናቸው። እዚህ አግዳሚው ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብለዋል። እንደሳቸው ያላቋረጠ ሰው አይታ አታውቅም። አክስቷም አላቋረጡም፤ ሻንጣ እየጎተቱ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያ ማር አንጠባጣቢ ድምፅ ጥሎ የሄደው እነሱን ነው፤ እነሱ እሱን አልጣሉትም። የሹፌሩን ኮት ኮሌታውን አቅንታ በስልኳ አንዴ ፎቶ አነሳችው፣ «አይዞዎት፣ ለክፉ አይደለም» አለቻቸው ሹፌሩን፤ መንገዱን ስትሻገር ግማሽ ሩጫ ነበረች።

የበኋላ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ለፕሮግራመሩ ሁሉንም ነገረችው። መታወቂያው አንዴ ከተነሳ እንዲቀመጥ፣ ማንም ከመጀመሪያው ጀምር እንዳይባል። ካሜራው ሳያስጠነቅቅ እንዳይከፈት። ስልኩን ሌላ ሰው ይዞ ማንሳት እንዲችል የኋላው ካሜራ እንዲፈቀድ። ያ የጊዜ ገደብ እንዲጠፋ።

«በኋላ» አለ በኋላ።

«በኋላ የለም። አሥር ሰዓት ይቆለፋል።»

«የኋላው ካሜራ ድሮም ተሠርቷል፤ መታወቂያው የሚነሳበት እሱ አይደል? ፊት ላይ የዘጋነው እኛው ነን። ሌላው መጨመር ነው መቀነስ?»

«አብዛኛው መቀነስ ነው።»

«ማጥፋት ከሆነ ምን ገዶኝ» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። እሷም ወንበሯን ሳበች። ምሳ ሰዓት መጥቶ ሄደ፤ አንድ ሰው ዳቦ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላት ሄደ፣ ማን እንደሆነ አላየችም። ከሁሉ ያስቸገራት ቃሉ ነበር። «ፊት አልተገኘም» የሚለውን ሰርዛ ስታበቃ ምን እንደምትተካው ጠፋት። አንድ ሰው አክስቷን ፎቶ ሲያነሳቸው ምን ይላቸው ነበር? ትንሽ ራቅ ይበሉ። ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉ። ጎበዝ፣ እንደሱ። እሱኑ ጻፈችው። ከካሜራው በፊት ለሚመጣው አዲስ ገጽ ደግሞ ብዙ ጽፋ፣ ብዙ አጥፍታ፣ ይቺን አስቀረች፤ «ቀጥሎ ፊትዎን እናነሳለን። መዘጋጀት ከፈለጉ ይዘጋጁ፤ መታወቂያዎ ተቀምጧል። እንጠብቃለን።»

«እንጠብቃለን?» አለ አለቃዋ ከትከሻዋ በላይ። «ቴክኖሎጂ ይጠብቃል እንዴ? ቀዩ ሰዓት የታል?»

«የለም።»

«ፊኛውስ?»

«ፊኛውም የለም። ኮቱን ግን አግኝቼዋለሁ።» የአዳራሹን ነገር ስትነግረው ፊቱ ላይ ያለመረታት እልህ አየች፤ ሰው ግራፍ ያለው ከሆነ በወሬ አይረታም። ስለዚህ ክርክሩን ተወችው። የድሮውን አፕ ከፈተች፣ የራሱን የሥራ መታወቂያ ከአንገቱ ላይ አስወለቀችና ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እስኪ አንተ ሞክረው። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚታይ ፎቶ ነው ብለህ አስብ።»

መታወቂያውን አነሳ። ካሜራው ገጭ ብሎ ፊቱን አመጣበት፤ ከአገጭ በታች፣ በላቡ የሚያብረቀርቅ ግንባር። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። ስልኩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ክራባቱን አጠበቀ፣ ፀጉሩን በምራቁ አስተኛ፣ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። ደረቱ ላይ ያለው ስልክ ተናገረ። «ጊዜዎ አልቋል። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

«ተጠቃሚው አቋረጠ» አለ ፕሮግራመሩ፣ ቀና ሳይል።

አለቃዋ ስልኩን ቀስ ብሎ መለሰላት። መስኮቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ይሄን ነገር» አለ በመጨረሻ፣ «ባለፈው ስብሰባ እኔ ራሴ አንስቼው ነበር።»

«አስታውሳለሁ» አለች፤ ለእንዲህ ያለው ውሸት ከልቧ ይቅርታ ታደርጋለች። «ስለዚህ የአንተ ሐሳብ አሥር ሰዓት ላይ ይውጣ። ለማጭበርበር ክፍሉም ኮቱ የሹፌሩ ነው ብለህ ጻፍላቸው፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ማንንም እንዳያግዱ።» ሊከራከር አፉን ከፈተና የድሮው አፕ ያነሳው ግንባሩ ትዝ ብሎት ይመስላል፣ መልሶ ገጠመው። እስኪጽፍ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። መላኩን ስታይ ብቻ ነው የሄደችው።

አዲሱ አፕ መጀመሪያ የሚለቀቀው ለጥቂት ሰዎች ነው። የጥቂቶቹን ስልክ ቁጥር የሚያስገባው ፕሮግራመሩ ነበር። «አክስቴን አስገባልኝ» አለችው።

«ይሄ እኮ በዘመድ መሥራት ነው።»

«የድሮው በዘመድ አይሠራም ነበር፤ አየኸው አይደል ምን እንዳደረገን?»

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። አክስቷ ሶፋው ላይ፣ አባቷ ወንበራቸው ላይ፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዝቅዞ፣ አንዱ ለሌላው እንዳልቀዳ ለማስመሰል በየጠርዙ ተራርቆ ተቀምጧል። አዲሱን አፕ በአክስቷ ስልክ ላይ ጫነችና አስረከበቻቸው። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከአሁን በኋላ እኔ አልናገርም፣ አልነካም። ሠሪው እየረዳ የተፈተነ ነገር ተፈተነ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አያለሁ።»

«አባትሽን መሰልሽ» አሉ አክስቷ።

በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እጆቿ መንካት እንዳያምራቸው ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። ቀኑን ሙሉ ከሁሉ ጋር ስትሟገት አልደከማትም ነበር፤ አሁን ዝም ማለቱ ግን አደከማት። ካልሆነስ? ነገ ማለዳ ምስክር ፍለጋ ማንን ነው የምታስነሳው?

መታወቂያው በአንዴ ተነሳ። አዲሱ ገጽ መጣ፤ አክስቷ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «‹መዘጋጀት ከፈለጉ ይዘጋጁ... እንጠብቃለን።› ትጠብቃለች?» አሏት። ከንፈሯን ነከሰች። አክስቷ ስልኩን በጥርጣሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሻንጣው ተጎተተ፣ ቆመ። ተጎተተ፣ ቆመ፤ የአልጋው እግር ያዘው መሰለኝ የሚል ማጉረምረም ተሰማ። አባቷ ለረጅም ጊዜ ያንኑ የጋዜጣ ገጽ ያዩ ነበር። ተነሥተው ገቡ። ሻንጣው በአንድ ስበት ሲወጣ ተሰማ። አባቷ እጃቸውን እያራገፉ ተመልሰው ተቀመጡ።

አክስቷ የወጡት ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሻርፕ ጣል አድርገው ነው። ስልኩ ትተውት በሄዱበት ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል። ነካ አደረጉት። «ስልኩን ማን ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች፣ «እኔ ራሴ» እና «ሌላ ሰው»። አክስቷ ያለ ማመንታት «እኔ ራሴ»ን ተጫኑ። ክንዳቸውን ዘረጉ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንገታቸው አብሮ ተንቀጠቀጠ። ስልኩ በትሕትና «ስልኩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሰው ቢይዝልዎ ይቀላል» አላቸው።

«ነገረኛ» አሉት። ወደ በርጩማው አዩ፤ በርጩማው ላይ ያለችው ወለሉን ታያለች። «አባትሽን ያዝልኝ በይው» አሉ።

አላለችም። በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክት ሳይደርስ ክፍሉ መሃል ላይ ወድቆ ቀረ። አክስቷ ጠበቁ። አባቷም ከወንበራቸው ሆነው፣ የሰሙትን ነገር እስኪነገራቸው ጠበቁ። ከውጭ የሆነ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ አለፈ። ዲዛይነሯ ወለሉ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር አጠናችው።

አባቷ ጋዜጣውን አጠፉ። «አምጪው» አሉ።

አክስቷ ስልኩን ሰጧቸው፤ ዓይናቸውን ግን አልሰጧቸውም። አባቷ «ሌላ ሰው» የሚለውን ተጭነው፣ ወደ ኋላ ሄደው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ አነሱ። ስክሪኑ አሁን በእሳቸው በኩል ነው፤ ያነሱትን ያያሉ።

«ቀና በይ፣ እታለም» አሉ።

እታለም የልጅነት መጠሪያቸው ነው። ዲዛይነሯ ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

«ቀና ብያለሁ። አንተ ነህ ያዘቀዘቅከው።»

«ሻርፑን ወደ ኋላ።»

«ይኸው። ሸሚዙ ተጨማዷል አይደል?»

«አይታይም።»

«ይታያል! ሻንጣ ውስጥ የከረመ ሸሚዝ ካርታ ነው የሚመስለው። ቁም ሳጥን ያለው ሰው ነበርኩ እኮ እኔ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በትከሻው ነው የቤታችንን ደረጃ ያወጣው፤ አንድ ጭረት ሳያስነካ። አንተ በበሩ አልገባም ብለህ... በሩን እንኳ አብረን አልለካነውም!»

«ሳልጠይቅሽ መስጠት አልነበረብኝም» አሉ አባቷ ከስልኩ ጀርባ።

«አልነበረብህም!» አሉ አክስቷ፤ ጣታቸው ተነሥቶ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ዓይናቸው እንባና እሳት ቋጥሮ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ አባቷ እጅ ላይ ነዘር አለ። «ተረጋግጧል። እናመሰግናለን።»

ዲዛይነሯ ከበርጩማው ላይ ልትዘል ትንሽ ቀራት። አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየችው፤ መዝገብ የገባው ፎቶ እሱ ነው፣ ጣቱም አልቀረ። መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ በሕይወት መኖሩን እንደዚህ ያረጋገጠ ጡረተኛ አጋጥሞት አያውቅም።

«አነሳኸኝ እንዴ?» አሉ አክስቷ።

«ራሱ ነው ያነሳው።»

«እየጮህኩ? እንዲህ ሆኜ? ደግመህ አንሳኝ!»

«ጨርሰናል ይላል እኮ፣ እታለም።»

«እኔ አልጨረስኩም።»

አባቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው አስቀመጡ። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ ሶፋው አስጠጉና ተቀመጡ።

«እሺ» አሉ፣ «ቀጥይ።»